የዕንቁ መልቀቂያ

በ1998 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ የሩዝ አጨዳው እንዳለቀ፣ አቶ ማረው የተባሉ የፎገራ ገበሬ ወረታ ከተማ ዳር ካለው ትምህርት ቤት ገብተው የልጃቸውን መልቀቂያ ጠየቁ። ልጃቸው ዕንቁ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏም ሁለተኛ።

ርእሰ መምህር ሀይለየሱስ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ወዴት ሊወስዷት ነው?»

«ርብ ወንዝ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት።»

ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ያየ ሰው እንዲህ ያለ ዝውውር አይጠይቅም። የወረታው ቤተ መጻሕፍት አለው፤ ክልላዊ ፈተና ከሚወስዱት ተማሪዎቹም አብዛኞቹ ያልፋሉ። የማዶውን ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ይውጠዋል፤ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ነው፤ ከሚያልፉት የሚወድቁት ይበዛሉ። ከአቶ ማረው ቤት መንገዱ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ይፈጃል።

«አወዳድረው ነው ይህን የመረጡ?»

«ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። የስምንተኛ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሸዋነሽ ናቸው።»

«ሴት ናት፣ ልጅቱ ስትቀር ቤቴ ድረስ መጥታ አትጠይቀኝም ብለው ነዋ።»

አቶ ማረው ሊመልሱ ሲሉ መምህር እሱባለው የስም መጥሪያውን ይዘው ገቡ። የዕንቁ ክፍል ኃላፊና የሴት ተማሪዎች ክበብ ተጠሪ ናቸው። ገበሬው ዐይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ጥር ደርሷል፣ ዳይሬክተር» አሉ መምህር እሱባለው። «አምና መልቀቂያ የወሰዱት ሦስቱ ልጆች የትም አልተመዘገቡም። ተድረው ነው የተገኙት።»

እውነት ነበር። ሦስቱንም መልቀቂያ የፈረሙት ርእሰ መምህሩ ራሳቸው ነበሩ።

«ለማን ነው የሚድሯት፣ አቶ ማረው?»

«አልድራትም። ሌላ ምክንያት አለኝ።»

«ይናገሩታ።»

ገበሬው መምህሩ ወደ ቆሙበት በኩል ለአፍታ ተመለከቱ።

«የልጅ ስም ነው የሚጠፋው። አፌ አይለውም።»

«ጥሎሽ ለመነጋገር ግን አፍዎ አላስቸገረዎትም» አሉ ርእሰ መምህሩ።

መልቀቂያው ተከለከለ። ዕንቁ አንዲት ቀን ብትቀር አባትየው እንደሚታሰሩ የሚገልጽ ወረቀት ተጻፈ፤ አቶ ማረው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ልጅቱ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ቆይታ እንድታጠና፣ መምህር እሱባለውም እየተቆጣጠሩ እስከ ሰፈሯ እንዲያደርሷት ታዘዘ። መምህሩ ትርፍ ሥራ ነው ብለው አላጉረመረሙም።

ጥምቀት ባለፈ በሰኞው ዕንቁ ቀረች። ርእሰ መምህሩ ይህን ከክፍል አለቃዋ እንደ ሰሙ ሁለት ሚሊሻ አስከትለው ወደ መንደሩ ገሰገሱ።

ዳስ አልተጣለም። ጠላም አልተጠመቀም። ሚሊሻዎቹ ቤቱን ፈትሸው ጎተራውን ከፍተው አዩ፤ ማንም የለም። አቶ ማረው ከሩዝ አውድማቸው ተጠርተው መጡ።

«ልጅቱን የት ደበቋት?»

«ማለዳ ደብተሯን ይዛ ወጥታለች። እናንተ ዘንድ ናት።»

«አልመጣችም።»

አቶ ማረው መንሹን ከእጃቸው ለቀቁት።

«እሱባለው ዛሬ ሥራ ገብቷል?»