የጣራው ጨርቅ

ባሕሩ አፋር ከገባ ወዲህ የሚጠጣ ውሃ የሚገኘው ከውሃ ዓምድ ነው። ባለተራው ቤት ዓምዱን የሚያስነሳውን ቁልፍ ሲጫን በጥቁሩ ደመና ሥር ባሕሩ ላይ ክብ ጥላ ይታያል፤ ከዚያ ነፋሱ ይሽከረከርና ዓምድ ሆኖ ይቆማል። እየተጎተተ ዳር ይደርስና ከደመናው የጨመቀውን ውሃ ሮቶው ላይ አራግፎ ይበጠሳል። ግዴታው አንድ ነው፦ ቁልፉ ሳይነካ በፊት ጣራ ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቀላል፤ ጀልባ ላይ ያለ ሰው እሱን አይቶ ይመለሳል።

ትርሲት ዛሬ አልሰቀለችም። የልጇ አማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመጡ ነው፤ ጠረጴዛው ደግሞ ያሳፍራል። ከቤቱ ሁሉ ንጹሑ ጨርቅ የጣራው ስለነበር ጠረጴዛው ላይ አነጠፈችው። «የአንድ ቀን ነገር፣ ምን ይመጣል?» ብላ ቁልፉን ተጫነች።

እንግዶቹ ምሳ እየበሉ ሳለ ጎረቤቷ ዓሣ አጥማጁ ጋሽ ሁመድ ከልብሳቸው ውሃ እየተንጠባጠበ ገቡ። ዓምዱ ጀልባቸውን ሰባብሮባቸው በዋና ነበር የወጡት።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ ጨርቅሽን ሳላየው ቀረሁ» አሉ። «ዐይኔ ከድቶኛል። ከእንግዲህ ባሕር በቃኝ።»

ትርሲት አስቀምጣቸው ውሃ ቀዳችላቸው። ብርጭቆውን ሲያነሱ ጣታቸው ጨርቁ ጥግ ላይ የተሰፋውን የመስቀያ ገመድ ነካ። ቀና ብለው አዩዋት። ዐይናቸው ደህና ነበር።

«ምነው አባት?» አለ አንዱ እንግዳ።

«ምንም፤ ውሃው ይጣፍጣል» አሉ ጋሽ ሁመድ። ገመዱንም ማንም እንዳያይባት ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው ሥር አጠፉላት።