ታማሚዋ እህት
ሚኒባሱ ሳሪስን አልፎ ወደ አቃቂ ሲወርድ ሃዊ አንገቷ ላይ ያለውን ትኩስ የቀዶ ጥገና ጠባሳ እየዳበሰች፣ «ሐኪሙ አንቺንስ ምን አለሽ?» ብላ ታላቅ እህቷን ዳሲቱን ጠየቀቻት።

ሁለቱም በአንድ ሰሞን የእንቅርት ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ ከሐኪም ቤት ውጤታቸውን ሰምተው መመለሳቸው ነበር። ጉንፋን እንኳ የማይደፍራት ሃዊ ካንሰሩ ሳንባዋ ድረስ ተዛምቶባታል። ዳሲቱ ግን የገዛ ሰውነቷ የእንቅርት ዕጢዋን እንደ ባዕድ እየቆጠረ ሲበላው ዓመታት ያለፏት፣ ሁሌ ድካም የማይለቃት ሴት ነበረች። «ያ የቆየ በሽታሽ ካንሰሩን ሳይገታው አልቀረም። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ እናያለን» ብሏታል ሐኪሙ፤ «የትም አልተዛመተም።»

«ያው እንዳንቺው ነው አለኝ» አለች ዳሲቱ ወደ መስኮቱ ዞራ።

«ሲነግርሽ በሩ ጋ ቆሜ ሰምቼዋለሁ» አለቻት ሃዊ በዝግታ። «እንኳንም አንቺ ተረፍሽ። ልጄን ሌላ ማን ያሳድግልኛል? ጂራታ ጨለማ ይፈራል፤ ሳይተኛ መብራት እንዳታጠፊበት።»



አቃቂ ሲደርሱ ሃዊ ቀድማ ወረደችና እንደ ልማዷ እህቷን ልትደግፍ እጇን ዘረጋች። ዳሲቱ እጇን ያዘችው፤ ግን ሳትደገፍበት ወረደች።