ሦስት ዓመት ያልተነቀለው

ሽማግሌው በሟች ባለቤቱ የአበባ መደብ ዳር ተንበርክኮ፣ አረሙን ለመንቀል የሰደደውን እጁን ግንዱ ላይ ገታ። ጫፉ ላይ እንደ ሕፃን ጡጫ የተጨበጠ ነጭ እምቡጥ ነበር። ቅጠሉን ግን በደንብ ያውቀዋል። ለዓመታት ብቅ ባለ ቁጥር ከነሥሩ ነቅሎ አጥር ጥግ ሲጥለው ነው የኖረው። ባለቤቱም በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ "እጅህ ይባረክ" ትለው ነበር።

ግራ ቢገባው ጎረቤቱ የሆነውን ችግኝ ሻጭ ጠራው። ሰውየው ቁጢጥ ብሎ አፈሩን ጫር ጫር አደረገና እንደ ሽንኩርት ራስ የወፈረውን ሥር አሳየው።

"አባባ፣ ይሄማ አረም አይደለም፤ ሊሊ የሚሉት አበባ ነው። እዚህ ቦታ ሰው ካልተከለው በራሱ አይመጣም። ጠባዩ ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ሦስት ዓመት ሳይነካ ካልቆየ አበባ አያሳይም።"

"በየዓመቱ እነቅለው ነበር እኮ!"

"እንግዲያው ከጣሉበት እያነሳ መልሶ የሚተክለው ሰው ነበረ ማለት ነው።"

ሽማግሌው ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። መጋረጃው የዛሬ ሦስት ዓመት እሷ አልጋ ስትይዝ እንደተዘጋ ነው። ከዚያ ወዲህ እሷን ሲያጥብ፣ ሲያገላብጥ፣ ሲያጎርስ ከርሞ፣ መደቡን ዞር ብሎም አላየው። እስክትቀበር ድረስ አረም ማረም የሚባል ነገር ትዝ አላለውም።

የተጫረውን አፈር በመዳፉ ቀስ አድርጎ መለሰው።

"ምነው አንቺ፣" አለ ወደ መስኮቱ፣ "አንድ ቀን እንኳ 'ተው' ብትይኝ!"