መብራት ሲመጣ

የእንጨት መቅረጫው ማሽን በእጇ ሥር እንዳለ ጮኸ። ስለቱን የምትፈታበት መፍቻ ከጣቶቿ ተፈልቅቆ በጆሮዋ ሥር ሽው አለና ከኋላዋ ያለውን የመስኮት መስታወት አረገፈው። ማሽኑም ከባንኮው ዘሎ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እዚያም አላረፈም። ስለቱ እየተሽከረከረ፣ ሰጋቱራውን እያቦነነ፣ አናቱን እንደተመታ እባብ ይንፈራገጥ ጀመር።

አናጢዋ ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ከግድግዳው መነጨቀችው። ጸጥ አለ።

ሶኬቱ አጠገብ ታላቅ ወንድሟ ቆሟል። እጁ ገና ከግድግዳው አልወረደም። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታም የሚሄድበት አጥቶ እዚያው ቀርቷል።

«መብራት መጣ እኮ» አለ። «ተነቅሎ ሳየው… ልርዳሽ ብዬ ነው።»

ጣቶቿን ቆጠረች። የቀኟን ጨርሳ የግራዋን ቆጠረች። አውራ ጣቷ ተልጦ ደም ይንጠባጠባል፤ ሌላው ሁሉ በቦታው አለ። ቁጣው የመጣው ያኔ ነው፤ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ አናቷ ላይ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ!» አለችው።

ቃሉ ለራሷም ባዳ ሆነባት። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ሲሞት ያሳደጋት፣ የመጀመሪያዋን መጋዝ የገዛላት እሱ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከ«ጋሼ»ና ከ«አንቱ» ሌላ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃዱን ተቀማ፤ ቤት መዋል ሊገድለው ሲል እሷ ጋ መጥቶ ሽርጥ ካሰረ ሦስት ሳምንት ሆነው።

«ስንቴ ልንገርህ? የተነቀለ ገመድ አይነካም አላልኩም? የነቀለው ሰው ራሱ ነው የሚሰካው አላልኩም? ስለት እየቀየርኩ ነው! እጄ ስለቱን የያዘው ዳዶ ላይ ነው! ይሄ ነገር ዋንዛውን እንደ ቅቤ የሚቀርጽ ነው፤ የኔ ጣት ምን ልትሆነው ነው?»

«አላየሁም፣ እቴ…»

«ካላየህ ለምን ትነካለህ?»

የት እንደመታችው ቃሉ ሳይርቅ ገባት። ግን ቁጣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደበጠሰ መኪና ነው።

«ዓይንህ መንገድ አላሳይ ሲልህ መሪውን ተውክ። የኔ እጅ ሲሆን ግን መጫወቻ! በእነዚህ ጣቶች ነው እንጀራ የምበላው። ሂድ። ሂድልኝ ከዚህ!»

ሽርጡን ሊፈታ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ቋጠሮው ጠብቆ እምቢ አለው፤ ሲታገል ቆማ አየችው እንጂ አላገዘችውም። በመጨረሻ ተወውና ቁጢጥ ብሎ የመስታወቱን ስብርባሪ መልቀም ጀመረ።

«ተወው አልኩ!»

«ይሄንንማ ሳላነሳ አልሄድም። ትረግጪዋለሽ።»

ይህ ደግሞ ይባስ አንጨረጨራት። የሚሰበር ነገር የፈለገች ይመስል ጎንበስ ብላ ማሽኑን ከወለሉ አፈፍ አደረገችው። መቀመጫው ተሰንጥቋል። አገላብጣ ስታየው ዓይኗ ማብሪያው ላይ አረፈ።

ማብሪያው አልጠፋም።

መብራት ሲሄድ የምትሠራውን በር ጠርዝ እየቀረጸች ነበር። ማሽኑ መሀል መንገድ ላይ ትንፋሹ ቀጥ አለ። እሷም የመብራት ኃይሉን ዘር ማንዘር ረግማ፣ ገመዱን ነቅላ፣ እስኪመጣ ስለቱን ልቀይር ብላ ተቀመጠች። ገመዱን መንቀሏን ታስታውሳለች። ማብሪያውን ማጥፋቷን ለማስታወስ ብትሞክር ምንም የለም። መብራት ከሄደ መጀመሪያ ማብሪያ፣ ከዚያ ገመድ፤ ለወንድሟም በመጀመሪያው ቀን ጣቷን እየቀሰረች ያስጠናችው ይህንኑ ነው። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ መቶ ጊዜ ቢሰካም ማሽኑ ጭጭ ነበር።

ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቷታል። አውራ ጣቷ ማብሪያውን አግኝቶታል። ትንሽ ገፋ ብታደርገው፣ ቀጭ ቢል፣ አለቀ። ማን ሊያውቅ?

«ጋሼ» አለች። ጣቷን ከማብሪያው አንስታ ማሽኑን ባንኮው ጠርዝ ላይ አኖረችው። «ጋሼ፣ ማብሪያው አልጠፋም ነበር። ሳላጠፋው ነው የነቀልኩት። ጠፍቶ ቢሆን ቢሰኩትም አይነሳም ነበር።»

የለቀመውን ስብርባሪ ጋዜጣ ላይ አኖረና ቀስ ብሎ ተነሳ።

«እና?»

«እና… ጥፋቱ የኔም ነው።»

«የኔም!» አለ። ከዚያ ድምፁ ፈነዳ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ እስኪያስተጋባ። «ዓይኔን አነሳሽብኝ! ሳልጠይቅ መሰካቴን አምኛለሁ፤ ጥፋቴን አውቄ ሽርጥ ልፈታ ስታገል አይተሽኛል! አንቺስ? ብረት በጆሮሽ ሥር አልፎ፣ ማሽኑን ሳታዪ እኔን አየሽ! ብትሞቺ ኖሮስ? የሰካው ይሄ እጅ ነው! ይሄ!» መዳፉን ፊቷ ላይ ዘረጋው። የመስታወት ፍንጣሪ ተሰክቶበት ይደማል፤ እሱ ግን አላወቀም። «ማታ ማታ የት ላደርገው ነበር ይሄን እጅ? ንገሪኛ! የት?»

ቆማ ተቀበለችው።

እስካሁን እንደ ድንጋይ የጸኑት እጆቿ መንቀጥቀጥ የጀመሩት ያኔ ነው። ለማስቆም ሁለት መዳፏን ባንኮው ላይ የተጋደመው በር ላይ ተጫነች። አልቆመም። መንቀጥቀጡ ወደ እንጨቱ ተሻገረና በሩን የያዘው ሞርሳ እጀታ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል ይል ጀመር። ወንድሟ አፉን ለሌላ ቃል ከፍቶ ነበር። ድምፁን ሰምቶ ዘጋው።