ከካቡ ጀርባ

የኬላው ዘበኛ እንደገና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ዳባት ማየት ሲጀምር ክንዴ ከድንጋዩ ካብ ጀርባ ብድግ አለ። አጎቱ አያ ሻረው ትከሻውን ተጭነው መልሰው አስቀመጡት።

«ቆይ እንጂ! ቢዞርስ?»

«ጉሙ ሊገፈፍ ነው እኮ፣ አያ!»

«ይገፈፍ። ትናንት ከገበያ የታፈሱት ሁሉ እንዳንተ ችኩሎች ነበሩ።»

ክንዴ ጥርሱን ነከሰ። መንገዱን ቢሻገር ወደ በየዳ የሚወስደው የእግር መንገድ እዚያው ነበር፤ ባይሻገር ግን ለውትድርና ወጣት የሚያፍሱት ሰዎች ማምሻውን አጎቱ ቤት ድረስ ይመጡበታል። ዘበኛው ጀርባውን ሲሰጥ አያ ሻረው ይጠራጠራሉ፤ ሲዞር ደግሞ «አየህ? አላልኩህም?» ይሉታል። ብርዱ ጉልበቱን ቆልፎታል። እኚህን ሰው አስከትሎ መምጣቱ አንገበገበው።

ያን ጊዜ ዘበኛው አነጠሰ።

«ይማርህ!» አሉ አያ ሻረው፣ አጠገባቸው ለተቀመጠ እንግዳ እንደሚሉት ሁሉ ጮክ ብለው። ወዲያው አፋቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ክንዴ ዓይኑን ጨፈነ።

ዘበኛው አልዞረም። ጠመንጃውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረና በተሰላቸ ድምፅ፣ «ያኑርዎ፣ አባቴ» አለ። «ከማለዳ ጀምሮ ጀርባዬን ስሰጣችሁ አንገቴ ተቆለመመ እኮ! የሚተካኝ ሰው እየመጣ ነው፤ እሱ እንደኔ አይደለም። ወይ ተሻገሩ፣ ወይ ወደ ቤታችሁ ግቡ!»

ክንዴ ዘሎ ተነሣ። አያ ሻረው የኮቱን ጫፍ ጨበጡ።

«ቆይ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ቢያታልለንስ?»

ክንዴ ኮቱን አውልቆ በእጃቸው ላይ ተወላቸውና ተሻገረ።