የቱን ልበላቸው?

ጎብኚዎቹ ጫማቸውን እያወለቁ ወደ ጎጆዋ ሲገቡ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቀረች። ትናንት በጥንታዊው ከተማ የድንጋይ ደረጃ ላይ እግሯ ወለም ብሏት ስለነበር ማጎንበስ አቃታት። አብሯት የመጣው ሰውዬ ተንበረከከና የጫማዋን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።

«ኧረ ተው ጋሼ፣ ሰው ያያል!»

«ይየን፤ ሰረቅን እንዴ?»

የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ሁለቱን እያዩ ፈገግ አሉና በመንደሩ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቁ። «ምንዎ ናት? ነው የሚሉት» አለ አስጎብኚው።

«የእንጀራ አባቷ ነኝ በላቸው» አለ ሰውየው ቀና ሳይል። የልጅቷ እናት ካረፈች ወዲህ ይህን ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይል ነበር። ሁለቱን ያገናኘችው እናት ከሄደች በኋላ ምን እንደሚባባሉ ጠፍቷቸው ነበር።

አስጎብኚው ራሱን አከከ። «እንጀራ አባት የሚል ቃል በቋንቋቸው የለም። ወይ አባት ነው፣ ወይ እንግዳ። የቱን ልበላቸው?»

የሰውየው ጣቶች ማሰሪያው ላይ ቆሙ። «እንግዲህ…» ሲል ልጅቷ ቀደመችው።

«አባቴ ነው በላቸው።»

አስጎብኚው ሲተረጉምላቸው አሮጊቷ ሳቁ። «ታዲያ ይቺን ለመናገር ምን አስጨነቃችሁ?» አሉ በእሱ በኩል።

ሰውየው የአንድ እግሯን ጫማ አውልቆ ከጨረሰ በኋላም እንዳቀረቀረ ቆየ። ዓይኑ እስኪደርቅ እየጠበቀ ነበር። ልጅቷ ይህ ገባትና ትከሻውን ተደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ «አባዬ፣ ሌላኛውስ እግሬ?» አለችው።