ያላወለቅሁት ጓንት

እኛ ኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ላይ፣ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ክንፉ ላይ በረዶ የሚያቀልጥ ትኩስ ፈሳሽ እንረጭና ጓንታችንን አውልቀን በባዶ እጅ እንዳስሰዋለን። መስታወት የመሰለውን በረዶ ዓይን አያየውም፤ የሚያውቀው መዳፍ ነው። ክንፍ ላይ ከቀረ ደግሞ አውሮፕላን ይጥላል።

የዛን ቀን ረፋድ ላይ ተረኛው እኔ ብቻ ነበርኩ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። የቀኙን ክንፍ ከነጓንቴ መታ መታ አደረግሁና ለካፒቴኗ ለሲግሩን በሬዲዮ፣ "በእጄ ዳስሼዋለሁ፣ ንጹህ ነው" አልኳት።

"ቶርላይፍ፣ ምን ነካህ?" አለችኝ። "አሁን ራስህ 'ጓንቴን አላወለቅሁም፣ እንዳትነሺ' አላልከኝም?"

"እኔ? ኧረ ምንም አልተናገርኩም!"

"ድምፅህን አጣዋለሁ እንዴ? ጥርስህ ሁሉ ይንገጫገጭ ነበር። ሠላሳ አራት ሰው ጭኜ አትቀልድብኝ!"

ጓንቴን አለማውለቄን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

መሰላሉን ተመልሼ ወጣሁና እጄን ከጓንቱ አውጥቼ ዳሰስኩ። ክንፉ ላይ የጣት ውፍረት ያለው ጥርት ያለ በረዶ ተጋግሯል።

ከበረዶው ሥር፣ ብረቱ ላይ፣ የባዶ እጅ አሻራ ታትሟል። የቀለበት ጣቱ፣ ልክ እንደ እኔው፣ ከመሃል የተቆረጠ ነው።